ዚፕ ከፍቶ ለሚወጣ ድመት ምን ዓይነት ካሪየር ይሻላል?

የጉልቤ እናት፦

ሰላም ለሁላችሁ። ካሪየር፣ ድመት የሚጓጓዝበት መያዣ ማለቴ ነው፣ ልገዛ ነው፣ ግን አማራጩ በዝቶ ግራ ገብቶኛል።

ጉልቤ ወንድ ነው፣ ወደ 6 ኪሎ ይመዝናል። ቤት ውስጥ ገራም ነው፣ ማንም አንስቶ ቢያቅፈው ምንም አይልም። ካሪየር ውስጥ ሲገባ ግን ሌላ ፍጥረት ይሆናል። አሁን ያለኝ ከጨርቅ የተሰራ፣ በጎን በዚፕ የሚዘጋ፣ ትከሻ ላይ የሚንጠለጠል ነው። ሁለቱ ዚፖች የሚገናኙበት ጥግ ላይ ጥፍሩን ይሰካና ትንሽ በትንሽ ያላቅቃቸዋል፤ ጭንቅላቱን የሚያሳልፍ ቀዳዳ ካገኘ በቃ፣ የቀረው ሰውነቱ ይከተላል። ደግነቱ እስካሁን መኪና ውስጥ ሆነን ነው እንጂ መንገድ ላይ ቢሆን ጉድ ፈልቶ ነበር። ሐኪም ጋ ስንደርስ ደግሞ ተቃራኒው ነው። አልወጣም ብሎ እግሩን ይተክላል፣ እኔ እጎትታለሁ፣ እሱ ያጉረመርማል፣ ምርመራው ሳይጀመር ሁላችንም ደክመናል።

ጠንካራ ፕላስቲክ ይሻላል ወይስ ሌላ ጨርቅ? መጠኑንስ በምን ልወቅ? አንዱ ሰፊ ግዢ ይላል፣ ሌላው ጠበብ ያለ ይላል። ሌላው ነገር፣ ከተወሰኑ ወራት በኋላ አብሮኝ በአውሮፕላን ይጓዛል፣ ካቢን ውስጥ ከእኔ ጋር። ቤቴ ጠባብ ስለሆነ ለሁለቱም የሚሆን አንድ ዕቃ ባገኝ ደስ ይለኛል። ደግሞ ያ ክብ ግልጽ መስኮት ያለው የጀርባ ቦርሳ ልቤን ሰርቆታል። የተጠቀመበት ካለ እውነቱን ይንገረኝ።

ባለ ሦስት ድመት፦

ፕላስቲክ ግዢ፣ አትወላውዪ። ግን ፕላስቲክ ሁሉ አንድ አይደለም፣ ሁለት ነገር እዪ።

አንደኛ በሩ ፊት ለፊትም ከላይም ይሁን። አልገባም የሚል ድመት በጎን በር ስትገፊው የበሩን ጠርዝ በአራት እግሩ ይገፋል። ከላይ ሲሆን የሚገፋው ነገር የለም፤ ደረቱንና የኋላ እግሩን ደግፈሽ ቀስ ብለሽ ታወርጂዋለሽ፣ አለቀ። ከላይ በር የሌለው ካሪየር ካለሽም በጎኑ አቁሚው፣ በሩ ወደ ሰማይ ይዞራል፣ ያው ሥራውን ይሰራል።

ሁለተኛ የላይኛው ግማሽ ከታችኛው የሚነሳ ይሁን። ሐኪም ጋ የምትጎትቺው ነገር በዚህ ያበቃል። ክዳኑን ታነሻለሽ፣ እሱ ባለበት ቁጭ ይላል።

የበሩን መቀርቀሪያም እዚያው ሱቅ ውስጥ ከፍተሽ ዘግተሽ ሞክሪው። በአንድ ጣት ስትጫኚው የሚላቀቅ ከሆነ ተዪው። መያዣውም፣ እጀታውን ማለቴ ነው፣ ክዳኑ ላይ በሁለት ቀጭን ጥርስ ብቻ የተሰካ ካለ 6 ኪሎ ሲንጠለጠልበት አያስተማምንም። የእኔ ልማድ እጀታውን ረስቼ ከስር በሁለት እጄ አቅፌ መሸከም ነው። ድመቱም እየተወዛወዘ ከጉልበቴ ጋር አይጋጭም።

ነጭ ጋውን፦

የእንስሳት ሐኪም ነኝ። ከላይ ስለሚነሳው ክዳን የተባለው ልክ ነው፣ እንዲያውም እኔ ብሆን ከሁሉም አስቀድሜ የማየው እሱን ነው። ክዳኑ ሲነሳ ድመቱ የራሱ ጠረን ያለበት ፎጣ ላይ እንደተቀመጠ ልቡን አዳምጣለሁ፣ ሆዱን እዳስሳለሁ፣ ክትባትም እሰጣለሁ። ከፈራ በሌላ ፎጣ ከላይ እሸፍነዋለሁ፣ የምፈልገውን ቦታ ብቻ እገልጣለሁ። ድመት ሲፈራ መደበቅ ነው የሚፈልገው። መደበቂያውን ነጥቀን ጠረጴዛ ላይ ስናወጣው ነው የሚቧጭረን።

አንድ ነገር ልጨምር። ክዳኑ የሚያያዝበትን እዩት። አንዳንዱ በጎንና በጎን በእጅ የሚከፈት ክሊፕ አለው፣ በሰከንድ ይከፈታል። አንዳንዱ ዙሪያውን በብሎን የታሰረ ነው፣ አንዱን ፈትተን ሌላውን ስንፈልግ ድመቱ ውስጥ ሆኖ ቀጭ ቋ ሲል እየሰማ የባሰ ይረበሻል። ለሐኪም ጉብኝት ክሊፑ ይሻላል። ለአውሮፕላን ዕቃ ክፍል ግን ብሎኑ ግዴታ ነው፣ እዚያ የፕላስቲክ ክሊፕ አይቀበሉም።

ስለ መጠን፦ ቆሞ፣ ዞሮ፣ ተጠቅልሎ መተኛት ከቻለ በቂ ነው። ሰፊ ካሪየር ለድመቱ ምቾት ይመስላል፣ ግን መኪና ፍሬን ሲይዝ ከዳር ዳር ይንሸራተታል። ውስጡ የማያንሸራትት ፎጣ ወይም ወፍራም ጨርቅ ይነጠፍ፣ ከስሩ ደግሞ ሽንት የሚመጥ ንጣፍ። የፈራ ድመት ይሸናል፣ አንዳንዱም ያስመልሰዋል፣ ይህ ያለ ነው። ፕላስቲክ በውሃና በሳሙና ይታጠባል፤ ጨርቅ ስፌቱ ውስጥ ከገባ ጠረኑ አይለቅም። ለሽንት ጠረን ኢንዛይም ያለው ማጽጃ ነው የሚሰራው። በረኪና አትጠቀሙ፤ ሽንት ውስጥ ካለው አሞኒያ ጋር ሲገናኝ ለመተንፈሻ አካል የሚጎዳ ጋዝ ያወጣል።

ቀላል ኪሎ፦

እኔ ደግሞ ለጨርቁ ልቁም። ሁሉም ሰው መኪና የለውም እኮ። በእግር፣ በአውቶቡስ፣ ደረጃ ወጥቶ ወርዶ የሚሄድ ሰው ፕላስቲክ ሳጥን በአንድ እጁ ይዞ ከድመቱ ጋር ሲታገል አስቡት። ጨርቁ ይቀላል፣ ትከሻ ላይ ይያዛል፣ ታጥፎ ቁም ሳጥን ውስጥ ይገባል። እናም የዚፑ ችግር መፍትሔ አለው፤ ሁለቱን ዚፖች አንድ ላይ የሚቆልፍ ትንሽ መንጠቆ ቦርሳው ላይ የተሰፋለት አለ። ከሌለውም የቁልፍ ማንጠልጠያ ቀለበት በሁለቱ የዚፕ ጆሮ ማሳለፍ ነው።

ስትመርጪ ግን ሦስት ቦታ በእጅሽ ዳስሺ። መረቡ በጥፍር ሲሳብ የሚላላ ስስ ዓይነት አይሁን። ወለሉ ከስር ጠንካራ ሰሌዳ ይኑረው፣ አለበለዚያ 6 ኪሎ ሲቀመጥበት ወደ ታች ይረግባል፣ ድመቱም ጉድጓድ ውስጥ እንደገባ ይሆናል። ጣሪያው ደግሞ ላዩ ላይ የማይተኛበት መሆን አለበት፤ ጎንና ጎኑ ላይ የሽቦ ወይም የፕላስቲክ ዘንግ ያለው ቅርጹን ይይዛል።

ባለ ሦስት ድመት፦

@ቀላል ኪሎ የተረጋጋ ድመት ላለው ሰው ያልከው ሁሉ ልክ ነው። ጉልቤ ግን ዚፕ መክፈት ከለመደ በኋላ ቀለበት ቢገባበትም ወደ መረቡ ነው የሚዞረው። አንዴ መውጣት እንደሚቻል ያወቀ ድመት መሞከሩን አይተውም።

የጉልቤ እናት፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ በተለይ እርስዎን ዶክተር፣ ፎጣው ላይ ባለበት ይመረመራል የሚለውን አላውቅም ነበር።

ለካሁት። ከአፍንጫው እስከ ጭራው መነሻ 46 ሳ.ሜ። ቆሞ ከመሬት እስከ ጆሮው ጫፍ 32። ከመሬት እስከ ፊት እግሩ ክርን 16። ትከሻው ላይ ስፋቱ 15 አካባቢ፣ አልቆም ብሎ አስቸግሮኝ ነው። ታዲያ በዚህ ልክ የፕላስቲክ ካሪየር ገዝቼ አውሮፕላን ላይም ይዤው ብወጣስ? የጀርባ ቦርሳውንስ ማንም አላነሳውም።

በራሪ ቦርሳ፦

ለሁለቱም የሚሆን አንድ ዕቃ አትፈልጊ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው ገንዘቡን የሚያባክነው። የሐኪምና የመኪናው ሌላ ነው፣ የካቢኑ ሌላ።

ምክንያቱ ሒሳብ ነው። ካቢን ውስጥ ድመቱ የሚቀመጠው ከፊትሽ ካለው ወንበር ስር ነው። ለምሳሌ ሉፍታንዛ የሚፈቅደው ቦርሳ ቢበዛ 55 በ40 በ23 ሳ.ሜ ነው፣ ክብደቱም ከነድመቱ 8 ኪሎ። 23 ሳ.ሜ ከፍታ ላይ ፕላስቲክ ሳጥን ማስገባት አስቸጋሪ ነው፤ ጨርቅ ግን ጀርባው ትንሽ ተጫን ሲሉት ይጫናል። ክብደቱንም አስቢው። ጉልቤ 6 ኪሎ ነው፣ ከ2 ኪሎ በላይ የሚመዝን ሳጥን ውስጥ ከገባ ሚዛኑ ላይ ወደቅሽ። ቀላል ጨርቅ ቦርሳ ከሆነ ግን ፎጣና ንጣፍ ጨምረሽም ትተርፊያለሽ። ከጉዞው በፊት እንዳይወፍርብሽ ብቻ!

ቦርሳውን ከመግዛትሽ በፊት ትኬቱን የምትቆርጪበትን አየር መንገድ ሕግ አንብቢ፣ ልኩ ከአንዱ አንዱ ይለያያል፣ የአውሮፕላኑ ዓይነትም ይለውጠዋል። «ለአየር መንገድ የተፈቀደ» የሚል ጽሑፍ ቦርሳ ላይ ስታዪ አትመኚው፣ ያንን የሚጽፈው ፋብሪካው ነው እንጂ አየር መንገዱ አይደለም። ሜትር ይዘሽ ለኪ። በአንድ በረራ ካቢን ውስጥ የሚገባው የእንስሳ ቁጥርም የተወሰነ ስለሆነ ትኬትሽን ስትይዢ የእሱንም አስይዢ። የአደጋ መውጫ በር አጠገብ ወይም ፊት ለፊቱ ግድግዳ የሆነ ወንበር አትምረጪ፣ እዚያ ቦርሳውን ከፊትሽ ማስቀመጥ አይቻልም።

አንድ ሰው የማይነግርሽ ነገር ልንገርሽ። ፍተሻ ላይ ቦርሳው በኤክስሬይ ያልፋል፣ ድመቱ ግን ይወጣል። አንቺ ታቅፈሽው በመፈተሻው በር ታልፊያለሽ። ያ ሁሉ ጫጫታ፣ ያ ሁሉ ሰው፣ እና ጉልቤ በእጅሽ። ስለዚህ ደረቱና ትከሻው ላይ የሚታሰር ቀበቶ ከቤት አስረሽለት ነይ፣ ማሰሪያውን እጅሽ ላይ ጠቅልይው። ዝግ ክፍል ውስጥ እንዲፈትሹሽ መጠየቅም ትችያለሽ።

ካቢኑ ሞልቶ በዕቃ ክፍል ይሂድ ከተባለ ደግሞ ሌላ ሕግ አለ። አያታ የሚባለው ዓለም አቀፍ የአየር ትራንስፖርት ማኅበር መለኪያ አለው። ርዝመቱ ከአፍንጫ እስከ ጭራ መነሻ ያለው ላይ የክርኑ ከፍታ ግማሽ ይደመራል፤ ያንቺ 46 እና 8፣ 54 ሳ.ሜ። ስፋቱ የትከሻው እጥፍ፣ 30። ከፍታው 32 ሲደመር የንጣፉ ውፍረት። ይህ የውስጡ ልክ ነው፣ የውጭው አይደለም። እንደ ፐርሺያን ያለ አፍንጫው ድፍጥጥ ያለ ድመት ከሆነ 10 በመቶ ይጨመርበታል፣ ጭራሽ የማይቀበሉ አየር መንገዶችም አሉ፣ ሙቀትና ጭንቀት ላይ ትንፋሹ ስለሚያስቸግረው።

ቅዱስ፦

ስለ ጀርባ ቦርሳው እኔ ልናገር፣ የእህቴ አለች። ሲያዩት ያምራል። ግን ያቺ ክብ ፕላስቲክ መስኮት ፀሐይ ሲያርፍባት ውስጡ ቶሎ ይሞቃል፣ አየር የሚገባው ደግሞ በትንንሽ ቀዳዳዎች ነው። ወለሉ ጠባብ ስለሆነ ድመቷ ተጠቅልላ መተኛት አትችልም፣ ቁጭ ብላ ነው የምትሄደው። የሚያልፍ የሚያገድመው ሁሉ ፊቷን ያያታል፣ እሷም ሁሉንም ታያለች፣ መደበቂያ የላትም። ትልቅ መረብ ያለው፣ ወለሉ ሰፋ ያለ የጀርባ ቦርሳ ከሆነ ለአጭር መንገድ አይከፋም። ለ6 ኪሎ ፈሪ ድመት ግን... እንጃ።

አንድዬ ድመት፦

የእኔ ግን ትወደዋለች! በመስኮቱ ማየት ደስ ይላታል። ሁሉም ድመት ፈሪ አይደለም እኮ።

ቅዱስ፦

@አንድዬ ድመት ያንቺ ከሕፃንነቷ የለመደች መሆን አለባት። ጥያቄው ያለው ስለ ጉልቤ ነው፣ ዚፕ በጥፍሩ ስለሚከፍተው።

ረጅም መንገድ፦

መኪና ውስጥ የት እንደሚቀመጥ ማንም አልተናገረም። ፊት ወንበር ላይ አይሆንም፣ ኤርባግ አለ። የኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ ተለይቶ የተዘጋ ከሆነ ጭራሽ አይታሰብም። እኔ ኋላ ወንበር ላይ አድርጌ በመኪናው ቀበቶ ጠፍንጌ ነው የማስረው፣ እንዳይንከባለል።

ባለ ሦስት ድመት፦

ተው ቀበቶውን። በግጭት ተፈትኖ በቀበቶ እንዲታሰር ተብሎ የተሰራ ካልሆነ፣ ቀበቶው ራሱ ሳጥኑን ሊሰብረው ይችላል። ሴንተር ፎር ፔት ሴፍቲ የሚባል የአሜሪካ ድርጅት ካሪየሮችን እንደ መኪና በግጭት ይፈትናል፣ እነሱም የሚያስጠነቅቁት ይህንኑ ነው። ተራ ፕላስቲክ ካሪየር ከሆነ ከፊት ወንበር ጀርባ ወለሉ ላይ አስቀምጪው። ቦታው ጠባብ ስለሆነ አይንቀሳቀስም፣ ዝቅ ስላለም ብዙ አይወዛወዝም። ከላይ ቀጭን ፎጣ ጣል አድርጊበት፣ አየር ማስገቢያውን ሳትደፍኚ።

ረጅም መንገድ፦

ይህን አላሰብኩትም ነበር። ከወንበሩ ጀርባ ሳጥኑ ይገባ እንደሆነ ዛሬውኑ እለካለሁ።

የጉልቤ እናት፦

እሺ ተሸነፍኩ፣ ሁለት እገዛለሁ። ፕላስቲኩ ከላይም ከፊትም የሚከፈት፣ ክዳኑ በክሊፕ የሚነሳ። ለበረራው ቀላል ጨርቅ፣ ዚፑ መንጠቆ ያለው። የጀርባ ቦርሳውን ልቤ እያለቀሰ ትቼዋለሁ።

የቀረኝ ጥያቄ፣ ካሪየሩን ገና ከቁም ሳጥን ሳወጣው አልጋ ስር ይገባል። ድምፁን ነው መሰለኝ የሚያውቀው። አዲሱንስ እንዴት ላስለምደው? ለበረራው ደግሞ የሚያስተኛ መድኃኒት ቢሰጠው አይሻልም?

ነጭ ጋውን፦

የሚያስተኛ መድኃኒት አይሰጠው። የአሜሪካ የእንስሳት ሐኪሞች ማኅበርም ለአየር ጉዞ እንዲህ ያለውን አይመክርም፣ ትንፋሽና የደም ግፊት ላይ ችግር ያመጣል። በጣም የሚጨነቅ ድመት ከሆነ ጭንቀት የሚቀንስ መድኃኒት አለ፣ ለምሳሌ ጋባፔንቲን፣ ግን መጠኑን የሚያውቀው ሐኪም አይቶት ይዘዝለት። ቤት ውስጥ ቀድሞ ተሞክሮ ምን እንደሚያደርገው ሳይታይ የበረራው ዕለት አይጀመርም። የሰው መድኃኒት ከቤት አንስታችሁ አትስጡ፣ ፓራሲታሞል ብቻውን ድመት ይገድላል።

ስለ ማስለመድ፦ ቁም ሳጥኑ ነው ችግሩ። ካሪየሩ የሚወጣው ሐኪም ጋ ሲኬድ ብቻ ከሆነ እሱ ምን ያስብ? ሳሎን ውስጥ የሚወደው ቦታ ላይ ክዳኑን አንስታችሁ ታችኛውን ግማሽ ብቻ አስቀምጡ፣ የሚተኛበትን ጨርቅ አንጥፉለት፣ የሚወዳትን ነገር ጣል አድርጉለት። ገብቶ መተኛት ሲጀምር ክዳኑን መልሱ። ከዚያ በሩን። ከዚያ በሩን ለአፍታ ዝጉ፣ ሳይረበሽ ክፈቱ። ከዚያ ማንሳት፣ ከዚያ ቤት ውስጥ መዞር፣ ከዚያ ሞተሩ ያልተነሳ መኪና። አንዱ ደረጃ ላይ ከፈራ ወደ ኋላ መመለስ ነው እንጂ መግፋት አይደለም። ቪየና ውስጥ በ2018 የወጣ ጥናት አለ፣ 22 ድመቶች ላይ የተሰራ። ካሪየሩን በዚህ ዓይነት ደረጃ የለመዱት መኪና ውስጥ ጭንቀታቸው ቀንሶ ነበር፣ ምርመራቸውም ካልለመዱት አጠር ያለ ጊዜ ወሰደ። ወራት ስላለዎት ጨርቁንም እንዲሁ ያስለምዱት፣ የበረራው ቀን ላይ አዲስ ዕቃ እንዳይሆንበት።

ከድመት የፊት ጠረን ጋር ተመሳስሎ የተሰራ የሚረጭ ነገርም አለ፣ ፌሊዌይ የሚባለው። ከመግባቱ 15 ደቂቃ በፊት ጨርቁ ላይ ይረጫል። በቀጥታ ድመቱ ላይ አይረጭም።

የጉልቤ እናት፦

ቁም ሳጥኑ! ዛሬውኑ አሮጌውን አውጥቼ ቦታውን ለአዲሱ አዘጋጃለሁ። ዶክተር ከልብ አመሰግናለሁ።

ሁለት ጭራ፦

ጥያቄውን ልጠምዝዘውና፣ እኔ ሁለት አሉኝ፣ እህትማማች ናቸው፣ ተቃቅፈው ነው የሚተኙት። ለሁለቱ አንድ ትልቅ ካሪየር ብገዛስ?

ነጭ ጋውን፦

ለየብቻ። ቤት ውስጥ ቢዋደዱም ሲፈሩ አንዷ ፍርሃቷን በሌላዋ ላይ ትወጣዋለች፣ ማምለጫም የላቸውም። ካሪየሮቹን ጎን ለጎን አስቀምጪ፣ ፎጣዎቻቸውን አቀያይሪ። ስትመለሱም አንዷ ብቻ ሐኪም ጋ ሄዳ ከሆነ በሩን ወዲያው አትክፈቺላት፤ የሐኪም ቤት ጠረን ይዛ ስለምትገባ እህቷ ላታውቃትና ልታጠቃት ትችላለች። ካሪየሩ ውስጥ እንዳለች ሌላይቱ ቀርባ ታሽታት፣ ከተነፋፉ ለጥቂት ሰዓታት በተለያየ ክፍል ለያዪያቸው።